ለምሳ የታጠፈበት መንገድ

መጋረጃ ሰፊዋ አፏ ቁጥብ፣ እጇ ፈጣን ሴት ነበረች። ከገበያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ በኩል የስፌት መኪናዋን፣ በሌላ በኩል እስከ ጣሪያው የተደረደረ የጨርቅ ጥቅል ይዛ ትውላለች። ደንበኛ ገብቶ ስለ ኑሮ ውድነት ቢያማርር «እህ» ትላለች። ጎረቤት ቢያማም «እህ» ትላለች። የመስኮቱን ስፋት ሲነግሯት ብቻ ቀና ብላ «አንቺ ነሽ የለካሽው ወይስ ባልሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ባል የለካው መስኮት መጋረጃው መቼም አይደርስለትም የሚል እምነት ነበራት።

ከዚህ እምነት ነጻ ያወጣችው የራሷን ባል ብቻ ነበር፤ እሱ እንጀራው መለካት ነውና። ሚዛን ጠጋኝ ነበር። የዱቄት ፋብሪካውን ትልቅ ሚዛን፣ የሥጋ ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን የሕፃናት ሚዛን እየዞረ ይፈትሻል፣ የተዛባውን ያቃናል። ድርጅቱ በሰጠው ነጭ ፒክአፕ ከከተማ ከተማ ሲመላለስ ነጋዴዎቹ «ጋሽ ኪሎ» የሚል ስም አወጡለት። ጋሽ ኪሎ መጣ ከተባለ፣ ልቡ ንጹሕ የሆነው ነጋዴ ወንበር ያቀርብለታል፤ ሌላው ሱቁን ቆልፎ «ታሟል በሉልኝ» ይላል።

እሱም እንደ ሚስቱ ዝምተኛ ነበር። አንዲት ልጃቸው «እኛ ቤት ሬዲዮ ባይኖር ኖሮ እኔ አፌን አልፈታም ነበር» እያለች ትቀልድባቸዋለች። ከመንገድ ሲመለስ ቦርሳውን ያስቀምጣል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይዞ የመጣውን አንድ ትሪ እንቁላል ወጥ ቤት ያኖራል። «መንገድ ላይ ርካሽ ነው» ይላል። በቃ፣ የጉዞው ወሬ ይኸው ነው።

በትዳራቸው ውስጥ ግን አንድ የተዘጋ ነገር ነበር። የባሏ እናት ዕድሜያቸው ሲገፋ አልጋ ይዘው የተኙት እነሱ ቤት ነው። ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ አጠበቻቸው፣ አገላበጠቻቸው፣ በማንኪያ አጎረሰቻቸው። የባሏ ታላቅ እህት ሰፊዋ ረግጣው በማታውቅ ሩቅ መንደር አግብታ ስለምትኖር ብቅ የምትለው ከስንት አንዴ ነበር። አሮጊቷ ሞተው የተቀበሩ ዕለት ግን መጣች። መጥታም ሰው በተሰበሰበበት፣ «እናቴ በጊዜ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ብታገኝ ኖሮ ዛሬ አፈር አትገባም ነበር» አለች። የማንንም ስም አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም። ዓይኑን ወደ ሰፊዋ ያላዞረ ሰው አልነበረም።

ሰፊዋ እዚያው ቃል አልመለሰችም። ቤት ከገቡ በኋላ ግን ባሏን፣ «እህትህ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አትገባም» አለችው።

«እሺ» አለ።

ዓመታት ነጎዱ። እሱ የእህቱን ስም አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀችም። ነገሩ የሞተ የተቀበረ መሰላት።

አንድ ዝናባማ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የድርጅቱ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊና የባሏ የሥራ ባልደረባ ሱቋ በር ላይ ቆሙ። ባልደረባው ቀጮ ይባላል፤ ሲገባ ሁሌ ጮክ ብሎ «ሰላም ለዚህ ቤት!» የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ድምፁ አልተሰማም፤ ዓይኑን ከወለሉ ላይ መንቀል አቃተው። ሰፊዋ ሁለቱን ባንዴ አየቻቸውና ገባት። ሆኖም፣ «ቆዩ፣ ይችን ጠርዝ ልጨርስ» አለች። የመኪናውን እግር መርገጧን ቀጠለች። ጨርቁ አልቆ ወድቆ፣ መርፌው ባዶውን ሲወጋ ቆየ። ቀጮ ነው ጎንበስ ብሎ መንኮራኩሩን በእጁ ያቆመው።

የባሏ መኪና ከትንሽ ድልድይ ላይ ተንሸራቶ ተገልብጦ ነበር። ዝናቡ የድልድዩን ጠርዝ አጥቦ ወስዶታል። ሰው ሲደርስለት ነፍሱ ወጥታ ነበር።

በቀብሩ ላይ የባሏ እህት መጥታ ከሕዝቡ ጀርባ ለብቻዋ ቆማ ታየች። ሰው ሲበተን ወደ ሰፊዋ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመደች። ሰፊዋ የልጇን ክንድ ይዛ ፊቷን አዞረች። ሴትዮዋም ባለችበት ቀረች።

ሐዘንተኛው ሲቀንስ፣ ኑሮ በሩን ማንኳኳት ጀመረ። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅቷ ትምህርት አለ። የመጋረጃ ሥራ አንድ ሰሞን ይጎርፋል፣ አንድ ሰሞን ይደርቃል። ሠራተኛ ሥራ ላይ ከሞተ ለቤተሰቡ ካሳ እንደሚከፈል ሁሉም ይነግራት ስለነበር ወደ ድርጅቱ ሄደች። ኃላፊው ተነስቶ ወንበር ሰጣት፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሲናገር ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክርቢቶ ያሽከረክራል።

«እንዲህ ባይሆን ደስ ባለኝ» አለ። «ሕጉ ግን ‹በሥራ ላይ ወይም ለሥራ ሲጓዝ› ነው የሚለው። ባለቤትዎ የዚያን ቀን ከአንድ ዱቄት ፋብሪካ ወደ ሌላው ነበር የሚሄዱት። ሁለቱም አስፋልቱ ዳር ናቸው። መኪናው የተገኘው ግን ወደ ግራ በሚታጠፈው የጠጠር መንገድ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ የእኛ ደንበኛ የለም፤ ሥራም የለም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ገባ?»

«እሱን… እኛም አናውቅም።» ትንሽ ሳለ። «ለሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ማመልከት ይችላሉ። መብትዎ ነው።»

ያቺ ሳል ቤቷ ድረስ ተከተለቻት። የጎረቤቷ ነገር ደግሞ ተጨመረበት። «እኔ ምን አውቄ» ብላ ጀምራ ሁሉን የምታውቅ ሴት ናት። «እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ» አለች፣ «አስፋልት እያለለት ጠጠር የሚመርጥ ወንድ ግን፣ ጠጠሩ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ነገር አለ።» ሰፊዋ «እህ» አለች። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ባሏን በሐሳቧ ከሌላ ቤት በር ላይ አቆመችው፤ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ከማታውቃት ሴት ጋር ሲስቅ አየችው። ይህ ሁሉ ዝምታ ለካ ሌላ ቦታ የሚያወራ ሰው ዝምታ ነበር? ሙት አይጠየቅ ነገር። እንዲህ ያለ ቅናት የሚይዙት ጭራ የለውም።

ቀጮ ሊጠይቃት መጣና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ስሚኝ፣ እኔ እመሰክርልሻለሁ። ‹እዚያ መንደር የወፍጮ ቤት ሚዛን ተበላሽቶ ደውለውለት ነበር፣ ነግሮኛል› እላለሁ። ማን ሄዶ ያጣራል?»

«እውነት ደውለውለት ነበር?»

«እሱን ፈጣሪ ይወቀው። እኔ ለልጅሽ ብዬ ነው።»

«ባሌ በቁሙ የግራም ውሸት አይወድም ነበር» አለችው። «ዛሬ ሞቷል ብዬ በኪሎ ልጫንበት?»

ንግግሯ የጨዋ ሰው ንግግር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያስቸገራት ጨዋነት ብቻ አልነበረም። የወፍጮ ቤቱን ተረት አንዴ ከተቀበለች፣ ጠጠሩ ጫፍ ላይ ያለውን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ሳታውቀው ልትቀር ነው። ስለዚህ በማግስቱ ሱቋን ቆልፋ ሚኒባስ ተሳፈረች።

መታጠፊያው ላይ ወርዳ በእግሯ ገባች። ድልድዩ ይህን ያህል ትንሽ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም፤ ልጅ ሮጦ የሚሻገረው ዓይነት ነው። ተሰብሮ የቀረውን ጠርዝ በድንጋይ ሞልተውታል። ከሥሩ ሣር ውስጥ የመስታወት ስብርባሪ ያብለጨልጫል። ቆማ አየችው። አላለቀሰችም። ውኃው ኮለል እያለ ይወርዳል፤ ምንም እንዳላጠፋ ሰው።

መንደሩ መግቢያ ላይ ባለች ትንሽ ሱቅ ቆማ፣ ነጭ ፒክአፕ የሚነዳ ሚዛን ጠጋኝ ያውቅ እንደሆነ ባለሱቁን ጠየቀችው።

«ጋሽ ኪሎን ነዋ!» አለ ባለሱቁ። ወዲያው ፊቱ ወደቀ። «ነፍሱን ይማር። የእንቁላል ሻጯ ወንድም አይደለም እንዴ? ያውና ቤቷ፣ ዶሮ የሚንጫጫበት።»

ሰፊዋ ባንኮኒውን ያዘች። አንድ ሸክም ከትከሻዋ ወረደ፣ በምትኩም ሌላ ተጫነባት፤ የትኛው እንደሚከብድ ለማወቅ ጊዜ አላገኘችም። እግሯ ወደዚያው ወሰዳት።

የባሏ እህት መኖ የያዘ ባልዲ አንጠልጥላ ከዶሮ ቤቱ ስትወጣ ተገጣጠሙ። ሁለቱም ቆሙ። ዶሮዎቹ እግራቸው ሥር ተሯሯጡ።

«መምጣትሽ ካልቀረ ቆመሽ አትቅሪ» አለች እህትየዋ በመጨረሻ። «ግቢ።»

ክፍሏ ውስጥ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የተቆለለ ባዶ የእንቁላል ትሪ አለ። ሰፊዋ ተቀመጠች።

«እዚህ ነበር የሚመጣው፣ እትዬ?» እትዬ የሚለው ቃል ከስንት ዓመት በኋላ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ደነቃት።

«እዚህ ነበር። በዚህ መንገድ ባለፈ ቁጥር። ምሳውን ይበላል፣ ጫማውን ሳያወልቅ እዚያ አግዳሚ ላይ ትንሽ ጋደም ይላል፣ ይሄዳል።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ብዬው ነበር። ‹እሺ ብያታለሁኮ› አለኝ። ‹አንቺ ቤታችን አትገቢም አለች እንጂ፣ እኔ ቤትሽ አልገባም አልተባባልንም።› እንዲህ እያለ ይስቅ ነበር።»

ሰፊዋ ባሏን በዚህ ቃል ውስጥ አገኘችው። እሱ ነው፤ ከተባለው አንድ ግራም አይጨምርም፣ አይቀንስም።

«እንቁላሉስ ይደርስሽ ነበር?» አለች እህትየዋ።

«የቱ እንቁላል?»

ጥያቄው ገና ከአፏ ሳያልቅ ገባት። ያ ሁሉ ትሪ! ልጇን ያሳደገችበት፣ «ይሄ የመንገድ እንቁላል አስኳሉ ሲያምር» እያለች ጎረቤት ፊት ያሞገሰችው! ስንት ዓመት የጠላቻትን ሴት እንቁላል ስትሰብር ኖራለች። ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። እህትየዋ አላቀፈቻትም። መሐረብ አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዝናብ ነበር» አለች። «እስኪያባራ ቆይ አልኩት፤ ‹ይጠብቁኛል› አለኝ። እኔ ጋ ባይታጠፍ ኖሮ ይኼኔ ቤቱ ነበር። በየትኛው ዓይኔ አይቼሽ ልንገርሽ? ቀብሩ ላይ ልልሽ ነበር፤ ፊትሽን ሳይ ምላሴ ታሰረ።» የቀሚሷን ጫፍ አቃናች። «ስለ እናታችንም ያልኩት…»

«ዛሬ አይሁን፣ እትዬ» አለች ሰፊዋ። «ዛሬ አንዱ ይበቃኛል።»

ቦርዱ የተሰየመበት ክፍል ጠባብ ነበር፤ ማራገቢያው ከነፋሱ ድምፁ ይበልጣል። ሰብሳቢዋ ጉንፋን የያዛት፣ በየመሐሉ አፍንጫዋን የምትጠርግ ሴት ናት። ቀጮ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ለመማል ተዘጋጅቶ በር ላይ ጠበቀ። ሰፊዋ እጅጌውን ይዛ፣ «የወፍጮ ቤቱን ነገር ተወው። ስለ ጠባዩ የምታውቀውን ብቻ ተናገር» አለችው። «ልጅሽን አስቢ» አለ። «እሷን እያሰብኩ ነው» አለችው።

ኃላፊው የድርጅቱን ቃል ሰጠ። ሟቹ ከተመደበበት መንገድ ወጥቶ የግል ጉዳዩን ሲፈጽም የደረሰ አደጋ ነው፤ ድርጅቱ ያዝናል፣ ግን አይጠየቅበትም።

ሰብሳቢዋ ለምስክርነት የመጣችውን እህትየዋን ጠራቻት። «ከአመልካቿ ጋር ያላችሁ ዝምድና ምንድነው?»

እህትየዋ የሻርፗን ጫፍ ጨበጠች። «የወንድሜ ሚስት ናት» አለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እናቴንም እስከ መጨረሻዋ ያስታመመችልኝ እሷ ናት» ብላ ጨመረች።

ለቦርዱ ምኑም አይደለም፤ ጸሐፊው እንኳ አልጻፈውም። ሰፊዋ ግን ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ወንድምሽ አንቺ ጋ የመጣው ለምን ነበር? የሚጠገን ነገር ነበረሽ?»

«ምንም አልነበረኝም። ሥራ አልሰጠሁትም፤ ምሳ ነው የሰጠሁት።»

ቀጮ አንገቱን ደፋ። በቃ፣ አለቀልን ብሎ አሰበ። ሰብሳቢዋ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ሠራተኞቻችሁ መንገድ ሲወጡ ምሳቸውን የት ነው የሚበሉት?»

«በፈለጉበት።»

«የወሰናችሁት ቦታ የለም?»

«የለም።»

«አስፋልቱ ዳር ካለ ምግብ ቤት በልቶ ሲወጣ መኪና ቢገጨውስ ኖሮ?»

«እሱማ… ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ሆነ?»

«አስፋልቱ ዳር ነዋ።»

«እንግዲያው የምንከራከረው ስለ ምሳው አይደለም፤ ምሳው ከአስፋልቱ ምን ያህል ስለ መራቁ ነው» አለች ሰብሳቢዋ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «መኪናው ሲገኝ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደ አስፋልቱ» አለ ኃላፊው። ይህን አልደበቀም።

ሰብሳቢዋ እንደገና እህትየዋን፣ «ያን ሁሉ ዝናብ እያየ ለምን ተነሳ?» አለቻት።

«ስልክ ተደወለለት። ገና በልቶ አልጨረሰም ነበር። ‹መጣሁ ጌታዬ፣ አሁኑኑ› አለና ተነሳ።»

«ማን ነበር የደወለው?»

«እኔ አላውቅም።»

ማራገቢያው ብቻ ይንኳኳል። ኃላፊው እስክርቢቶውን ማሽከርከር አቆመ። ማንም አላስገደደውም፤ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አለ። «ፋብሪካው ጭነት ቆሞበት ነበር። የት ደረስክ፣ ቶሎ በል አልኩት።» ተቀመጠ።

ቦርዱ ውሳኔውን የሰጠው ከሳምንታት በኋላ ነው። ለሥራ መንገድ የወጣ ሰው መብላቱ ከጉዞው አይለይም፤ ሟቹ ምሳውን አቋርጦ ወደ ተጠራበት ሥራ ሲሄድ ነው የሞተው፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ሞቷል፤ ድርጅቱ ካሳ ይክፈል። ድርጅቱ ይግባኝ ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። ቀጮ እንደነገራት፣ ይግባኙ ይቅር ብሎ አለቆቹን የተሟገተው ኃላፊው ራሱ ነው።

ሰፊዋ ደስ አላት፤ አላላትምም። ኪራዩ ተከፈለ፣ የልጅቷ ትምህርት ሳይቋረጥ ቀጠለ። ግን ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን አንድ ሐሳብ ይመላለስባታል። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የድርጅቱን መኪና ነዳ፣ የሌሎችን ሚዛን አቃና፣ የሚስቱን ቃል አከበረ። የራሱ የሆነች ነገር ብትኖር ያቺ እህቱ ቤት የሚያሳልፋት የምሳ ሰዓት ናት። ያቺንም ሰዓት ልጁ እንድትማር ሲባል ከእጁ ወስደው ሥራ ናት ብለው ፈረዱበት። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ሰብሳቢዋን ትመርቃታለች። ሆኖም ቅር ይላታል። ይህን ለልጇ ስትነግራት፣ ልጅቷ «እማ፣ አባዬኮ ቢጠየቅ ራሱ ይፈርም ነበር» አለቻት። ሊሆን ይችላል። ግን አልተጠየቀም።

ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷ አክስቷ ዘንድ መሄድ ጀመረች፤ እናትየዋም አልፎ አልፎ ትከተላታለች። ሁለቱ ሴቶች ወዳጅ ሆኑ ማለት ይከብዳል። አንዷ ማዘዝ ትወዳለች፣ ሌላዋ ትዕዛዝ አትሰማም። አብረው ሲሆኑ ልጅቷ ናት የምታወራው።

አንድ ቀን ግን ልጅቷ እንቁላል ልታደርስ ወጣችና ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሻይ ተቀድቷል። እህትየዋ የብርጭቆዋን ዙሪያ በጣቷ እየዞረች ቆየችና፣ «እናቴ መጨረሻ ላይ እንዴት ነበረች?» አለች። «የምታስታውሺው ከሆነ ማለቴ ነው።»

ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሰፊዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ሐኪም ቤትማ ሁለቴ መኪና አቁመንላቸው ነበር» አለች። «የአልጋውን ብረት ጨብጠው፣ ‹እዚያ ከወሰዳችሁኝ እህል አልቀምስም› አሉን። በሁለተኛው ጊዜ የሾፌሩን እጅ ነከሱት።»

«ነከሰችው?»

«በዚያ ጥርሳቸው! ሾፌሩ ‹አሮጊቷ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ናቸው› ብሎ ሄደ።»

እህትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ሞላ። «እሷ ናት» አለች፣ «እሷው ናት።» ከዚያም ወንበሯን አስጠግታ፣ «እሺ፣ ሌላስ?» አለቻት።

አፈ ቁጥቧ ሴት ከመጀመሪያው ጀመረችና፣ አሮጊቷ ምን ይወዱ እንደነበር፣ ማንን እንደሚጣሩ፣ ሲነጋ ምን እንደሚሉ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።